የወ/ሮ ለተብርሃን ተራ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
ሻይ ጠጣሁ። ጢሜን ተላጨሁ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን! ከከተማ ሰዎች መጥተው እኛን የአረጋውያን ማእከል ነዋሪዎችን «በኑሯችሁ ረክታችኋል ወይ?» ሊሉን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰቆጣ መንገድ አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪው ሁሉ አማረረብኝ እንጂ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። የምለውን አዘጋጅቻለሁ።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
በግኛለሁ። መጠይቅ ይዞ የመጣው ናትናኤል የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። አልጋው እንዴት ነው? ተመስገን። ምግቡስ? ተመስገን። ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው አለቃ ገ/ሥላሴ እንኳ ተመስገን አሉ! እኛ ዘንድ በእንግዳ ፊት ማማረር ፈጣሪን ማማረር ነው። እኔስ? ያን ሁሉ ተዘጋጅቼ፣ ተመስገን አልኩ። አፌን ምን ያዘኝ!

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ወ/ሮ ለተብርሃን፣ ከፃግብጂ ወረዳ የመጡት ጎረቤቴ፣ አማርኛቸው እንደ አገራቸው ቋንቋ ኽምጣኛ ኽምጣኛ የሚለው፣ ልጁን እንብላ አሉት። ከነዋሪ ምግብ መቅመስ አይፈቀድልንም አለ። አፈር ስሆን አሉት። እምቢ። እንግዳ ቆሞ እያየ ማን ይጎርሳል? እጃቸውን ሰበሰቡ። ሁላችንም ሰበሰብን። ሽሮው እንደቀረበ ተመለሰ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ይሳቅ ወይስ ይለቀስ! ለካ ናትናኤል «ነዋሪዎቹ ምግቡን አይወዱትም» ብሎ ጽፎልናል። ኃላፊያችን ሲ/ር ህይወት ደንግጣ በግ አሳረደች። በላነው፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ግሩም ነበር። ወጥ ሠሪዋ ግን አኩርፋለች። እውነቷን ነው፣ ሽሮዋ ምን አጠፋ?

ከምሳ በኋላ ወ/ሮ ለተብርሃን የሆዳቸውን አጫወቱኝ። የሚካኤል ማኅበር አላቸው፤ በየወሩ በ12 አንዱ ተረኛ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ሌሎቹን ያበላል። እዚህ ከገቡ ወዲህ ግን ተራቸው ይታለፋል። ማኅበርተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ አሁን አንቺ ተጧሪ ነሽ፣ አይቸግርሽ ነው የሚሏቸው። ተጧሪ! ሴትዮዋ ሳያበሉ መብላት አንቋቸዋል። አንዴ ሳልደግስ ብሞትስ እያሉ ነው። ይህን የትኛው መጠይቅ ጠየቀ?

ሲ/ር ህይወት ቢሮ ገባሁ። ሽሮውም ደህና፣ በጉም ደህና፣ ያጣነው የምናበላው ሰው ነው፤ ወ/ሮ ለተብርሃን ተራቸውን እዚህ ይደግሱ አልኳት። ጠላ ከመድኃኒት ጋር እንዴት ይሆናል አለች። ደንቡስ አለች። ጮህኩባት። ጋሼ፣ ግፊትዎ ይነሣል አለች። ይነሣ!

ኅዳር 6፣ ዓርብ
ፈቀደች!!! ጠላው ቀጠን ይበል፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ከንፈሩን ብቻ ያርጥብ፣ እንግዳው ግን እንደ ልቡ ይብላ ይጠጣ ብላለች። ትናንት ስጮህባት የነበርኩት ሰውዬ ዛሬ ግንባሯን ሳምኳት።

ጋኑ ታጥቦ በወይራ ታጠነ። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ወገቤን የሚሉት አለቃ ጌሾ ይወቅጣሉ! ወ/ሮ ለተብርሃን በምርኩዛቸው እያመለከቱ ያዝዛሉ፤ ያን ጨምር፣ ይህን ተው፣ አንተ ሹፌር ከመንገድ ዞር በል። ዞር አልኩ። ደስ ይላል።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ማታ
ወደ ፃግብጂ ለማኅበርተኞቹ መልእክት ልከናል። ምላሽ የለም። ወ/ሮ ለተብርሃን በሩን በሩን ያያሉ። ባይመጡስ? ዳቦው ሊጋገር ተቦክቷል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት
መጡ! መጡ! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አቧራ ለብሰው፣ ሁሉም መጡ። ናትናኤልም ተጠርቶ ያለ ወረቀት መጣ፤ ወ/ሮ ለተብርሃን አፉን ሞልተው አጎረሱት፤ እንባው እስኪመጣ አኘከ። የማኅበሩ ቄስ ባረኩ። ወ/ሮ ለተብርሃን ቁጭ አላሉም፤ ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ፣ በሞቴ። ሙሉ ቀን ምርኩዛቸውን ረስተውት ዋሉ።

ሊበተኑ ሲሉ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ለመጪው ወር ጽዋውን ማን ይቀበላል አሉ። ወ/ሮ ለተብርሃን ከዚህ ቤት አይውጣ ብለው ለመኑ። ሙሴው እሺ፣ የተቀበለ ማኅበርተኛችን ነው አሉ። እኛ ነዋሪዎቹ ሁላችንም አቀረቀርን። ገብቶኛል። በእኛ ዕድሜ ለወር ቀጠሮ መስጠት ድፍረት ነው፤ ማታ ደህና ሰው የተኛበት አልጋ ጠዋት ለሌላ ሲነጠፍ አይተናል።

እኔ ማኅበር ጠጥቼ አላውቅም። ሚስት የለኝ፣ ቤት የለኝ፣ ዘመኔ መንገድ ላይ አለቀ። እንዴት እንደተነሣሁ እንጃ። ሚካኤል ካደረሰኝ እኔ! አልኩ። እልልታው! ጽዋውን ስቀበል ወ/ሮ ለተብርሃን ከሥሩ ደገፉልኝ።

አሁን ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ እራስጌዬ ተቀምጧል። ታኅሣሥ ጾም ነው፤ ንፍሮና ዳቦ ይበቃል። ጌሾ ከገበያ ማስመጣት አለብኝ። ጋኑን ከወዲሁ ማስያዝ አለብኝ። እስከ ታኅሣሥ 12 መሞት አልችልም፤ ደጋሽ ነኝ።