የቆርኪዎቹ ድንበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። 11 ሰዓት።
ዛሬም ጠረጴዛዬ ተይዟል፣ ደብተሬ። የእህቴ ልጅ ሜሮን (ሜሪ ነው የምላት) የካዛንቺስ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ እኔ ጋ ቂርቆስ ናት። ፊዚክስ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ዓርብ ከሰዓት ጥናቷን መምህራኗ ፊት ታቀርባለች። ጥሩ። ግን አብሯት የሚማረው ናሆም ለምን በየቀኑ ይመጣል? (ከዛሬ ጀምሮ ና. ይበቃዋል። ቀለም ይቆጠብ።)

ቆርኪ ደርድረዋል። ግማሹ ፊቱ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። እያንዳንዱ ሚጢጢ ማግኔት ነው አሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ድንበር ጊዜ ሲሄድ ምን ይሆናል? ጥናቷ ይኸው ነው። በቆርኪ ማስረዳትን ያስተማርኳት እኔ! ስፒከር ስጠግን አጠገቤ ቁጭ ብላ። አሁን የሚደረድርላት እሱ።

ማክሰኞ፣ 9። 10 ሰዓት።
ድንበሩ እዚህ ነው እዚያ፣ ቁርጡን ንገሩኝ አልኩ። አንድ ቦታ የለውም አለች ሜሪ። ድንበሩ ላይ ያሉት ጎረቤታሞች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መለዋወጡም አለመለዋወጡም በአንድ ጊዜ ይሆናሉ፣ ኳንተም የሚሉት ነው። ድንበሩ እየሰፋ ይሟሟል። ጎረቤቶቹ ግትር ከሆኑ ግን ባለበት ይቀራል።
«ልክ እንደ ጋሼ!» አለ ና.
ሳቀችለት። እስኪያስላት ድረስ። በዚህ ቤት ተረበኛው እኔ ነበርኩ።

ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት ጠረጴዛ ልብሱ ስር፣ ከእሑድ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈተው የና. ላፕቶፕ ጠርዝ ጋ ሸጎጥኩ። ማግኔት ሲጠጋው ክዳኑ የተዘጋ ይመስለውና ይተኛል። ተኛ። ቀሰቀሰው፣ ተኛ። ጓሮ ሄጄ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ 10። ጠዋት።
ሳቁ የለም። ላፕቶፑ ሲተኛ ከዩኒ. ትልቁ ኮምፒውተር ጋር ያለው መስመር ተቋርጦ ኖሯል። ከእሑድ ጀምሮ ሲሄድ የነበረው ስሌት ሞተ። አንድ ቆርኪ በተጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ በእጅ አይሞከርም። ና. ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ። «በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ!» አለችው። አባረረችው።

ጠረጴዛዬ ተለቀቀ። ምኞቴ ደረሰ። ለቁርስ ጠራኋት፣ አልበላችም። ዓርብ የምታሳየው የላትም።

እዚያው ቀን። 10 ሰዓት።
ና. ላፕቶፑን አቅፎ የጥገና ሱቄ መጣ።
«ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልኝ። ሌላ ሰው አላምንም።»
አያምንም አለ! ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ችግሩን የምፈልግ መስዬ። ስሌቱ እንደገና ቢጀመርስ ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። ዛሬ ማታውኑ ከተጀመረ ስሌቱ ለዓርብ ለጥቂት ይደርሳል። የስሌቱ ፋይል ግን እሱ ጋ ነው፤ እሷ ስልኩን አታነሳለትም።

11 ሰዓት ሊሆን ነው። ሜሪ ከግቢ ወጥቻለሁ፣ ወደ ሱቅ እየመጣሁ ነው ብላ ደውላለች። እሱ እዚሁ ወንበሬ ላይ ነው፤ ሻይ አዝዤለታለሁ። አሁንም እቀናበታለሁ፣ ደብተሬ፣ አልዋሽሽም። እሷ የማግኔቷን ነገር ስትሰማ ምናልባት ለወራት ጋሼ አትለኝም። ይሁን። ለሁለቱም እነግራለሁ። መጀመሪያ ግን ለእሱ። አሁን፣ እሷ ሳትደርስ።