ያልተሠሩት መርከቦችህ

ይማሜ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየርነው፤ የጓሮው ማንጎም አፍርቶ ለጎረቤት ተርፏል። ፓምፕ የተበላሸባቸው ገበሬዎች «ይማም ባሕርተኛው በኖረ» ማለታቸውን አልተዉም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ መርከቦችህ ነው።

በወጣትነትህ የሚሳይል ጀልባ መካኒክ ነበርክ። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ አንድ ሻንጣ ይዘህ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለስክ። የወንዝ ፓምፕ እየጠገንክ ልጆቻችንን አሳደግክ፤ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ግን የጦር መርከብ ንድፍ ላይ አቀርቅረህ ታመሽ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ «በዚህ ቆላ ማን ሊሠራልህ ነው?» አልኩህ።

«ማንም አይሠራውም። ልክ መሆኑን ግን ማወቅ አለብኝ» አልከኝ። ያኔ አልገባኝም።

አንተ ከሞትክ በኋላ በአካባቢው ፍተሻ በዛ። ልጃችን ሰይድ የንድፎችህን ጥቅልል ሊያቃጥል ጓሮ ወሰደው። «እማ፣ የሚሳይል ሥዕል ቤታችን ቢገኝ ምን እንላለን?» አለኝ። ለእኔ ፈርቶ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ግን ከእጁ ተቀበልኩት። «አባትህ መርከብ ይስል ነበር እንላለን። ባሕሩስ የታለ ካሉን፣ የሮቢን ወንዝ እናሳያቸዋለን።» ሳይወድ ሳቀና ክብሪቱን ኪሱ ከተተ።

የሚያስጠረጥረው የተደበቀ ነገር ነው ብዬ ጥቅልሉን ለዘሃራ ሰጠኋት። ልጅህ አሁን የቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ መምህርት ናት። ሦስቱንም ንድፎች ወለል ላይ ዘርግታ ስታሰላ ሰነበተች። የመጀመሪያው አንተ የሠራህበትን ጀልባ ይመስላል፤ አራት የሚሳይል ሳጥኖች ከላይ ተደርድረዋል። ሁለተኛው ስምንት ተሸክሟል። በሦስተኛው ሚሳይሎቹ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እማ፣ ሁለተኛው ይገለበጣል» አለችኝ፣ አንተን ያሳጣች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእጅህ ጽሑፍ «ይገለበጣል። ሰው ያልቅበታል። እንደገና» ይላል። እኔና ልጅህ ተያይተን በኩራት አለቀስን።

በሦስተኛው ላይ በሚሳይሎቹና በመርከበኞቹ መኝታ መካከል ወፍራም ግድግዳ አለ። ዘሃራ ክብደቱን አይታ «በዛ» አለች። እኔ ግን ግድግዳውን አወቅሁት። ሚሳይል ሲተኮስ በእሳቱ ሁለት እጁ ስለነደደው ጓደኛህ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረኸኝ ነበር፤ ከዚያ ደግመህ አላነሳኸውም።

ባለፈው ወር ዘሃራ ንድፎቹን ክፍል ውስጥ ሰቅላ ጠራችኝ። ባሕር አይቼ የማላውቀው ሴት፣ አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ ያ ግድግዳ ለምን እንደ ወፈረ ተናገርኩ። ብታየኝ ትገረም ነበር! ስጨርስ አንዲት ልጅ ተነሥታ «ሚሳይሎቹን ብንቀንስ፣ ግድግዳው ሳይሳሳ መርከቡ አይቀልም?» አለች። ክፍሉ በክርክር ተናወጠ።

ይማሜ፣ ተማሪዎቹ አራተኛውን ንድፍ ጀምረውታል። በየሳምንቱ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ሲሳሳቱም እንደ አንተ «እንደገና» እንዲሉ አደርጋለሁ። በዱዓዬ ስምህ አይቀርም። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ።

ሚስትህ ፋጡማ