«ዛሬ አልችልም» ስላለችው ናፊሳ፣ ለሲስተር ታደለች

«ሹፌር መሪውን ይያዝ፣ በነርስ ትምህርት ምን አገባው?» ያሉት ልክ ነው ሲስተር፤ መሪዬን እንደያዝኩ ነው የምናገረው። ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጤናዎ፣ ድምፅዎ፣ ያ እንዳናረፍድ የሚጠብቀን ቁጣዎ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ። ሀይደር ነኝ፤ እዚህ ሪያድ መንሱራ ሰፈር ካለው የነርስ ትምህርት ቤትዎ ተማሪዎችዎን ወደ ሆስፒታል የማመላልሰው፣ አምስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ (ሌላው ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚማረው)፣ በባጥሐ ገበያ ግርግር መካከል መኪናዬን ጭረት ሳላስነካ የማልፍ፣ የናፊሳ ወንድም።

በቅድሚያ ምስጋና። «ራሷን ያልተንከባከበች ነርስ በሽተኛ አትንከባከብም» የሚለውን ትምህርት ስለጀመሩልን አላህ ይስጥልን። ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ሲያነበንቡት እኔም ሸምድጄዋለሁ። ጠዋት ውሃ እጠጣለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ፤ መልኬ ድሮም ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን ብሶበታል። ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ፦ ትምህርቱን የሚሰጡት በምሳ ሰዓት ነው። ልጆቹ የምግብን ጥቅም የተማሩት ሆዳቸው እየጮኸ ነው። ይሄን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

2ኛ፦ «ይሉኝታ ይቅር፤ ሲደክማችሁ አልችልም በሉ» ብለው አስተማሩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል «ለሌላ ሰው በሉት» ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። እህቴ ግን የዋህ ናት፣ የተማረችውን ታምናለች። ባለፈው ሳምንት ትኩሳቷ ገና ሳይለቃት ተጨማሪ ተራ ግቢ ሲሏት፣ አንገቷን ደፍታ «ሲስተር፣ ዛሬ አልችልም» አለች። ትምህርቴ ፍሬ አፈራ ብለው እልል ይላሉ ስንል፣ ስድ ናት ብለው ከሆስፒታል ልምምድ አገዷት።

3ኛ፦ ይቅርታ ካልጠየቀች አትመለስም ብለዋል አሉ። ምን ብላ ትጠይቅ? ትምህርትዎ ስለገባኝ ይቅር ይበሉኝ ብላ? ልምምዱን ካልጨረሰች ዘንድሮ መመረቅ የለም። አገር ቤት፣ ሐርቡ ያለችው እናታችን ደግሞ ልጄ ነርስ ልትሆን ነው ብላ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። ለእሷ ደውዬ «ኸላስ፣ ቀርቷል» ማለት እኔም አልችልም።

ይህን ደብዳቤ መኪናዬ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ተማሪው ሁሉ ሲገባም ሲወርድም ያነበዋል፣ እርስዎም ጭምር።

ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ የቆመ ምርጥ ተማሪዎ፣ በሪያድ አስፋልት ላይ አቻ ያልተገኘለት፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
ሀይደር ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ ትናንትም የኋላው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎዎት፣ የምሳ ዕቃዎን ሳይከፍቱት ረስተውት ወረዱ። እኔ በላሁት፤ ራስን መንከባከብ ነዋ። ሽሮው ጨው አንሶታል። እዚያ ትምህርት ቤት «ዛሬ አልችልም» ማለት ከናፊሳ በላይ የሚያስፈልጋት አንዲት ሴት አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ምሳዋን ግን አውቀዋለሁ። ለማንኛውም ናፊሳ እሁድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ትጠብቀኛለች። ላምጣት ወይስ ልተዋት? ዛሬውኑ ይመልሱልኝ፣ ያላ፣ ቶሎ!