በአብዱረሕማን ስም የተቆረጠው ትኬት

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለበሽር፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከባሕር ማዶ እንዴት ከርመሃል? ያ የጀርባ ሕመምህ ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? የጅዳ ሙቀት እንኳ አሁን በረድ ሳይል አይቀርም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማማ የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈላት ወዲህ ሱቁ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች። ሰሊጡ ተወቅቶ አልቆ የማሽላው ቆረጣ ተጀምሯል። ሸሕዲም ከደጋ ለቀን ሥራ በወረደ ሳሉግ ተጥለቅልቃለች።

አሁን የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው። አንተ በስታዲየም በር ላይ ትኬት ስለምትፈትሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ከጎንደር የባህል ሙዚቃ ቡድን መጥቶ በሰሊጥ መጋዘኑ ግቢ ትርኢት ነበረ። ለእኔና ለባለቤቴ ለአብዱረሕማን ቀደም ብዬ ትኬት ገዝቼ ነበር። ሻጩ ስማችንን ጠይቆ ጻፈበት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። በዋዜማው አብዱረሕማንን ወባ ጣለችው። አሁን ተሽሎታል፤ አታስብ። ያን ዕለት ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ «ትኬቴን ለአየሁሽ ስጫት» አለኝ።

አየሁሽን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጣችው። የጎጃም ሰው ናት፤ ለሳሉጎቹ ወጥ እየሠራች ትኖራለች። ከቤቷ ስትወጣ ታናሽ ወንድሟን ባየልኝን ገና ሳያድግ ነበር የተወችው። ከዚያ እናትና አባቷ ሞቱ፤ ልጁም የደረሰበት ጠፋ። በቀደም ከጎንደር የመጣ ሹፌር ባየልኝ የሚባል ማሲንቆ መቺ ከቡድኑ ጋር እንዳለ ሲነግራት ጊዜ ሥራዋን ጥላ ሮጠች። ትኬት ልትገዛ ብትሄድ አልቋል። የቀረው ባንተአምላክ የሚባል አትራፊ እጅ ነው፤ እሱም በእጥፍ ይሸጣል።

አብረን ሄድን። በሩ ላይ የቆመው ጎልማሳ ትኬቱን አገላብጦ አየና «ይኼ አብዱረሕማን ይላል፤ እርስዎ ኖት አብዱረሕማን?» አላት። ሰልፈኛው ሳቀ። ማሲንቆ የሚመታ ወንድሟ ውስጥ እንዳለ ብትነግረው፣ «ዛሬ የማሲንቆ መቺው እህት ያልሆነች የለችም» አለ። ትኬቱ ጀርባ ላይ እንደ ጤፍ በደቀቀ ፊደል «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም» ተብሎ ተጽፏል ለካ!

እኔም ነደደኝ። «ከእኔ የልብስ ሱቅ ቶብ የገዛች ሴት ለእህቷ ታልብሰው፣ መልሳ ትሽጠው፣ ምን አገባኝ? የከፈለ ሰው ባለቤት አይደለም ወይ?» አልኩት። እሱ ግን ሳይቆጣ፣ «እመቤት፣ ቶቡን ይዘውት ይሄዳሉ። ወንበሩን ግን ይዘውት አይሄዱም። የሸጥንልዎ መግባቱን ነው» አለኝ። በሽር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እስካሁንም አሰላስለዋለሁ።

ጭቅጭቁን ሰምታ የቡድኑ ኃላፊ አሰፋች መጣች። ስም የሚጻፈው አትራፊ ሁሉንም ገዝቶ ሕዝቡን እንዳይበዘብዝ ነው አለችኝ። «ክልከላው ጥሩ ነው። ግን ስገዛ ማን ነገረኝ?» አልኳት። ሻጩን ጠራችው፤ እንዳልነገረኝ አመነ። እሷም «ሳንናገር ሸጠን በር ላይ ብንከለክል ጥፋቱ የእኛ ነው» ብላ የአብዱረሕማንን ስም ሰርዛ «አየሁሽ» ብላ ጻፈች።

ይኼን ያየ ባንተአምላክ ትኬቶቹን ይዞ ብቅ አለ። «ለእሷ ከተፈቀደ ለእኔም! እኔም ከፍዬ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ነው የገዛሁት» አለ። አሰፋችም «በገዛህበት ዋጋ ከአንተ ለሚገዛ ሁሉ ስም እቀይራለሁ፤ ሳንቲም ከጨመርክ ግን አንድም አይገባም» አለችው። እያጉረመረመ ለሳሉጎቹ ሸጠላቸው። አንጀቴን በላኝ፤ እሱም እኮ ልጆች አሉት።

ገብተን ተቀመጥን። ማሲንቆ መቺዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አየሁሽ ፊታቸውን ብታይ ብታይ ወንድሟን መለየት አቃታት። እጄን ጨብጣ «ካልሆነስ?» ትለኛለች። በመጨረሻ ብድግ አለችና በልጅነቱ በምትጠራው ስም «ማሙሽ ሆዴ!» ብላ ጮኸች። ከዳር የቆመው ረጅሙ መምታቱን አቆመ። ሕዝቡን በዓይኑ ሲፈልግ ቆየና ማሲንቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሰው መሀል እየዘለለ መጣ። ከዚያ በኋላ ያልለቀሰ ሰው አልነበረም፤ በረኛው ሳይቀር።

እስቲ ንገረኝ፤ እናንተ ዘንድ ሰው ቢታመም ትኬቱን ለወዳጁ ይሰጣል ወይ? ስጦታንና ንግድን በምን ትለያላችሁ? የንግድ ቢሮውን ሰው ብጠይቀው «ቆይ፣ ሕጉን አይቼ» ብሎ ቀረ። የገዛነው ነገር እስከ የት ድረስ የእኛ ነው?

እማማ ግንባርህን ስማ መርቃሃለች፤ ሶላትህን እንዳትተው ብላለች። አብዱረሕማን እቅፍ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ልጄ መጂዳ ማንበብ ጀምራለች፤ የአንተን ደብዳቤ ማንም እንዳይነካባት ብላለች። አየሁሽም በዓይን ባታውቅህ ሰላም ብላሃለች። «እኔ ወንድሜን በፊቱ መለየት አቅቶኝ እሱ ነው በድምፄ የለየኝ፤ ያንቺስ ወንድም መልኩ ሳይለወጥብሽ ቶሎ ይምጣ በይው» ብላኛለች።

እህትህ ረፊቃ
ሸሕዲ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.