የትርሲት ግራ እጅ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት
ዛሬም አስረዋታል። ልብስ ላሰጣ ወጣ ብዬ ስመለስ አማቴ እማማ ዘነቡ የትርሲትን ግራ እጅ በነጠላ ቁራጭ ከወገቧ ጋር ጠፍረውታል። የስምንት ወር ልጅ! ሁሉን በግራዋ ስለምትይዝ ነው። በግራ መብላት ነውር ነው፣ ካሁኑ ካልተቀጣች ግራኝ ሆና ትቀራለች ባይ ናቸው። ፈታሁላት። ማስታወሻዬ፣ የምጮኸው አንቺ ላይ ብቻ ነው። ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ነው፣ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ። እሱን ማንም አያየው። ነገ ደሴ እወስዳታለሁ።

ጥቅምት 6፣ ደሴ
ሆ/ል። ስካን ተነሳች። ልጄን ስትሮክ መትቷታል፤ ያውም ሆዴ ውስጥ እያለች። እኔ ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ነበር የሚመስለኝ። በዚህ ዕድሜ ሕፃን በሁለቱም እጁ ነው የሚጠቀመው፣ አንዱን መምረጧ ራሱ ምልክት ነበር አለች ዶ/ሯ። ግራኝ አይደለችም! ቀኟ ደክሞ ነው።
ምክንያቱስ? እርጉዝ ሳለሁ ያስተኛኝ ትኩሳት ቫይረስ ከነበረ፣ እሱ ሊሆን ይችላል። ደሜ ያለ ልክ የሚረጋ ከሆነም፣ እሱ ሊሆን ይችላል። ከትርሲት በፊት ሁለት ጽንስ እንደወረደብኝ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ደምሽ ይመርመር፣ ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳታረግዢ፣ የሚቀጥለውም ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም አለችኝ። እሺ። በማን ልናደድ ታዲያ? ቫይረስ አይሰደብ።

ጥቅምት 8፣ ከሰዓት
መካነ ሰላም። ቤት። ነገርኳቸው። ጎረቤቶች ዱአ አደረጉላት፣ አሜን አልኩ። እማማ ግን ምች ነው አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሆኜ በቀትር ወንዝ ወርጄ ልብስ በማጠቤ። የማንን ልብስ ነበር የማጥበው? የእሳቸውን!
ባሌ ደሳለኝ ከጅዳ ደወለ። እናቱ ቀድመውኝ ነግረውታል። ስለ ደም ምርመራው ስጀምር አቋረጠኝ። ለገና እመጣለሁ አለ። "እሷማ አንዴ ሆናለች፤ ጤነኛ ልጅ እንውለድ።"
ሆናለች! ልጄ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ተቆጠረች። ስልኩን ዘጋሁበት።

ጥቅምት 9
እንደገና ታስራለች። ዛሬ ጮህኩ። ግቢው ሁሉ ሰማ። እማማ አለቀሱ። አባቷንም እንዲሁ አስሬ ነው ያቀናሁት፣ ለክፋት መሰለሽ ወይ አሉኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይበልጥ የሚያበግነኝም እሱ ነው።
ደግሞ ያልነገርኳቸው አለ። ፊዚዮቴራፒ ስትጀምር ደህናውን እጅ ለትንሽ ጊዜ ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት አለ ብላኛለች ዶ/ሯ። በጨዋታ፣ ባለሙያ እያየ። ጠፍሮ ማስለቀስ አይደለም። ብነግራቸው ብዬሽ ነበር ይሉኛል። አልነግራቸውም።

ጥቅምት 10፣ ማለዳ
ሻንጣዬን ሸክፌያለሁ። እህቴ ኩታበር ናት፣ ለደሴ ቅርብ። ከእሷ ቤት እየተመላለስን ትርሲት ትታከማለች፣ እኔም ደሜን ለምርመራ እሰጣለሁ። ለደሳለኝ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት፦ "ደሜ ሳይታይ ሁለተኛ ልጅ የለም። ለገና ከመጣህ ኩታበር ናና የወለድካትን እያት።"
መልሱን አልጠብቅም።