እሁድ የመለስኳት እናት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

እሷ ናት። ገና በር ላይ ሳያት ነው ያወቅኳት። እሁድ ከሰዓት በኋላ የመለስኳት ሴት። ዝናሽ ትባላለች። እሁድ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ጠዋት ከቡይት ራስ በኩል ወደ ደባርቅ ስትወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ወለደች። ሴት ልጅ። ሰባት ወር ያልሞላት። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። የዝናሽ አማት እማማ ውዴ ሕፃኗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሆስፒታላችን አደረሷት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ታቃስታለች። ስትስብ ጎድኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ወዲያው ሲፓፕ፣ የመተንፈሻ ማገዣው፣ ላይ አደረግናት። የአፍንጫዋን ቱቦ ሁለት ጊዜ ሳትኩት።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም። እሁድ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ሌላ የወሊድ ክፍሉንም የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። ዳባት የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፤ የምሳፈርበት ሚኒባስ ሊሄድ ነው ብለው ሁለቴ ደውለውልኛል። ዝናሽ "ወገቤን ይዞ ይለቀኛል" ብላ መጣች። ሆዷን ዳበስ አደረግኩና "የውሸት ምጥ ነው፣ ቤትሽ ገብተሽ እረፊ" አልኳት። ዶክተሩን አልጠራሁም። መዝገብ ላይ አላሰፈርኳትም። ዳባት ደርሼ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ።

ያን ቀን ብናስተኛት ኖሮ የፅንሱን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ እንጀምርላት ነበር። ከእሁድ እስከ ማክሰኞ። ጊዜው ይበቃ ነበር። ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ ይበቃ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ሕፃኗ አለች።

ለመተንፈሻ ብለን ጉሮሮዋ ውስጥ ምንም አላስገባንም። አፍንጫዋ ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ብቻ። አየርና ኦክስጅኑ በእነሱ ይገባል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ውሃው የሚፈጥረው ግፊት ሳንባዋ በየትንፋሹ እንዳይጣበቅ ይይዘዋል። ውሃው አረፋ እየሠራ ከተንቦጨቦጨ ይሠራል ማለት ነው። ዝም ካለ የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል። ጎንደር ስልጠና ላይ ይህን ሲያሳዩን በጣም ቀላል መስሎኝ ነበር።

እማማ ውዴ ጠርሙሱን ብዙ ሲያዩ ቆዩና፣
"ልጄ፣ ይኼ ያለ እሳት የሚፈላው ፀበል ነው?" አሉኝ።
"አይደለም እማማ። ተራ ውሃ ነው። ትንፋሿን የሚያግዝላት እሱ ነው።"
"እንግዲያ እሱን እያየሁ እለምናለሁ" አሉና ጥግ ላይ ቆሙ። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

ዝናሽ ጡቷን አልባ አመጣች፤ ሦስት ጠብታ የምትሆን። በቀጭን የምግብ ቱቦ ለሕፃኗ ሰጠናት። "እግዜር ይስጥሽ ሲስተር" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ያላወቀችኝ መሰለኝ። እፎይ አልኩ። በማለቴም አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። የኦክስጅን ማሽኑ ጮኾ ቆመ፤ ውሃው ዝም አለ። ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ተጠባባቂውን ሲሊንደር ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር እየጎተትን አመጣን፤ ቁልፉ ጠብቆ እምቢ አለኝ። በዚህ መሃል ሕፃኗ ትንፋሽ አቆመች። ዝናሽ ጮኸች። የሕፃኗን ጀርባ አሸሁ፣ የእግሯን መዳፍ ነካካሁ። ምንም። በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ፣ አየር ሰጠኋት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ፊቷን አጨማደደችና ሳበች።

ሲሊንደሩ ተከፍቶ ውሃው እንደገና ሲንቦጨቦጭ ዝናሽ እጄን ይዛ ሳመችው። ነጠቅኳት። ደንግጣ አየችኝ፤ የተቆጣሁ ሳይመስላት አይቀርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቀን ዛሬ ነው።

ዶክተሩ ካርዷን እያገላበጠ ዝናሽን ጠየቃት። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ድምፁ ቁጡ ነው።
"ከማክሰኞ በፊት ምንም ሕመም አልነበረሽም?"
"ነበረኝ።"
"ታዲያ ለምን ሳትመጪ ቀረሽ? ብትመጪ እኮ መርፌ እንሰጥሽ ነበር።"

ዝናሽ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ "አጨዳ ነበረብን፤ አልመጣሁም" አለች።

ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ኋላ ብቻችንን ስንሆን "ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኳት።
"ብናገርብሽ ታኮርፊያለሽ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልጄ ያለችው ባንቺ እጅ ነው። ምን ላድርግ?"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃኛለች። ያ ሁሉ ምስጋና፣ እጅ መሳሙ... ፈርታኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

የዕረፍት ቀኔ። ልብስ ዘፈዘፍኩ፤ ሳላጥበው ዋለ። ሁለት ጊዜ ደውዬ "እንዴት ናት?" አልኩ። "ደህና ናት፣ ኦክስጅኑን ትንሽ ቀነስንላት" አሉኝ።

ዶክተሩ ጋ የምናገረውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። "ሥራ በዝቶብኝ" ብዬ ጀመርኩ። ውሸት። ሥራ አልበዛብኝም። ቀደድኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 10

ነገርኩት። ቆሜ፣ በሩን ዘግቼ። "ዝናሽ እሁድ መጥታ ነበር። የመለስኳት እኔ ነኝ። ያልመዘገብኳትም እኔ ነኝ።"

"እሷን ሰው ፊት ነው የወቀስኳት" አለ። ከእኔ ይልቅ በራሱ ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ለኃላፊው እንደሚያሳውቅ ነገረኝ። ከሥራ ያግዱኝ እንደሆነ አላውቅም። ከሕፃኗ ግን ለጊዜው እንደማያነሳኝ ተናገረ፤ ሲፓፑን የሠለጠንነው ሁለት ነን።

ወዲያው ሄዶ ዝናሽን ይቅርታ ጠየቃት። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። "አጥፍቼብሻለሁ" ብቻ አልኩ።

እማማ ውዴ "ተይ ልጄ፣ እግዜር ያመጣው ነው" ሊሉ ጀመሩ። ዝናሽ አቋረጠቻቸው። አማቷን ስታቋርጥ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

"አይ እማ፣ ይተዉ። እሷ ናት ሂጂ ያለችኝ።" ወደ እኔ ዞረች። "ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጠኝ፣ ነርሷ የውሸት ነው ብላለች እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ባሌ እንሂድ ሲለኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። አንቺን አምኜ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ደብዳቤውን አስገባሁ። የዝናሽንም ካርድ በቀይ አስተካከልኩ፤ የመጣችበትን ቀንና ስሜን ጻፍኩ።

ሕፃኗ ዛሬ ስምንት ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ አላቋረጠችም። ወተቱን ጨመርንላት። አፍንጫዋ ቱቦው የሚነካበት ጋ ቀልቷል፤ ቦታውን እያቀያየርኩ ነው።

ዝናሽ የምትናገረኝ ስለ ልጇ ብቻ ነው። "ይኼ ምንድን ነው? ይኼስ ለምን ጮኸ?" ስትጠይቅ ግን እንደበፊቱ አትለማመጥም። ከፍ አድርጋ ትጠይቃለች። ካልገባት ደግማ ትጠይቃለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል። እማማ ውዴ ቅዳሴ ሄደዋል።

አምስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ "እንሞክራት" አለ። ሲፓፑን አነሳን። ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ብቻ ተውንላትና ራቁቷን እናቷ ደረት ላይ አስተኛናት። ሰዓቴን ይዤ በደቂቃ ስንቴ እንደምትተነፍስ ቆጠርኩ። ሃምሳ ስድስት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልሳ ሁለት፤ ከስልሳ ማለፍ አልነበረበትም። ከዚያ ሃምሳ አራት። ጎድኗ አይሰረጉድም። አታቃስትም።

ነገ ተመልሳ ትደክም ይሆናል፤ ሲፓፑ አልጋው አጠገብ ዝግጁ ነው። የእኔም ጉዳይ ዓርብ ይታያል ተብሏል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናሽ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገች። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሽ አመነታች። ከዚያ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ፣ "እጅሽን ታጠቢና ያዢልኝ" አለችኝ።

ታጠብኩ። ያዝኳት። የምትመዝነው ከምንም አይቆጠርም። ዝናሽ እስክትመለስ ድረስ አንድም ትንፋሿ አላመለጠኝም።