ስም የሌለው ዋስ

ለተከበሩ አቶ እንዳለው፣
የ«ወርቃማ ጉዞ» ያገለገሉ ቅንጡ መኪናዎች መሸጫ ሥራ አስኪያጅ፤
ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ስልክዎ አምስት ሳምንት ሙሉ ስላልተነሣ ታመው ይሆናል ብዬ ሰግቻለሁ።

ቀጥዬ በደባርቅ ገበያ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። «ሳፊያ ቅንጡ መኪናዋን የዶሮ ቆጥ አደረገችው» ይባላል። ሐሰት ነው። ዶሮዎቹ የሚሰፍሩት ጣራው ላይ ብቻ ነው። ወደ ውስጥማ እኔም መግባት አልቻልሁ፤ ኤሌክትሪኩ ሞቶ በሩ አይከፈትም።

መኪናውን የገዛሁት ለጌጥ አልነበረም። የታላቅ ወንድሜ የሙባረክ አንድ ዐይን ጠፍቷል፤ ሁለተኛው እንዲተርፍ በየወሩ ጎንደር ሄዶ መርፌ መወጋት አለበት። ወገቡ ስለሚያመው በሚኒባስ ተጣቦ እንዳይንገላታ ብዬ የሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ጥሪቴን «ከሙሉ የተራዘመ ዋስትና ጋር» ለሚለው ቃልዎ አስረከብሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዳባት መግቢያ ላይ በአየር የሚሠራው ሞላ ተነፈሰና መኪናዎ እንደ ግመል ተንበረከከ። በአይሱዙ ተጎትተን ተመለስን፤ መርፌውም አመለጠው። አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ዋስትናው ከኮረኮንች፣ ከአቀበት፣ ከብርድና ከአቧራ የመጣ ብልሽትን እንደማይሸፍን በአሥራ አራተኛው ገጽ ጤፍ በሚያህል ፊደል ጽፈዋል። እኛ ደባርቆች ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ምን መንገድ እንዳለን ቢጠቁሙኝ ምስጋናዬ ወሰን አይኖረውም።

፪. ሲሸጡልኝ «እንደ አዲስ» የነበረው መኪና በአራተኛው ወር «በእርጅና ምክንያት» ተበላሸ ተብሎ ተጽፎልኛል። እኔ ለማርጀት ሰባ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

፫. ከአምስት ሳምንቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ ያነሣው ሠራተኛዎ «ማዘር፣ ሲስተሙ አልተቀበለውም» ብሎኛል። እናቱ አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ አስቀድሞ ስሙን መናገር አስተምረው ነበር።

፬. ዋስ በእኛ ዘንድ ሰው ነው። ስም አለው፣ የአባት ስም አለው፣ ደጅ አለው፤ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ እሱ ይያዛል። ውልዎን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «ዋስትና» የሚለው ቃል አርባ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ዋስ ግን አንድም የለም። ዋሱ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ብጠይቅ «ድርጅቱ» ተባልሁ። ዋስ የሆነውስ ለማን ነው ብል፣ እንደገና «ለድርጅቱ» ተባልሁ። ድሮ ተከሳሽ ችሎት ቆሞ «ዋስ ጥራ» ሲባል «እኔው ለራሴ» ቢል ኖሮ፣ ዳኛው ከወህኒ ይልቅ ጠበል ይልኩት ነበር። እርስዎን ግን ቢሮ ሰጥተው አስቀምጠዎታል።

ማንበብ መማሬ እንዳልጠቀመኝ በዚህ ዕድሜዬ ስላስረዱኝ እያመሰገንሁ፣ ለሚቀጥለው ገዢ ውሉን ጮክ ብዬ ለማንበብ ዘወትር ዝግጁ የሆንሁት፣
ሳፊያ ያሕያ፣ ጡረተኛ መምህርት፤ ደባርቅ

ማስታወሻ፦ ነገ የወንድሜ ተለዋጭ ቀጠሮ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በመጀመሪያ ጋቢውን አለብሰዋለሁ፤ ክንዱን ይዤ መናኸሪያ አደርሰዋለሁ፤ ከሹፌሩ ከያርጋል ሚኒባስ የፊቱን ወንበር እይዝለታለሁ። ሚኒባሱ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ የዋስትና ወረቀት የሚባልም አያውቅ። ዋስ ግን አለው፤ የያርጋል እናት መዓዛ ናት። ልጇ ወንድሜን በሰዓቱ ካላደረሰ የማን ደጅ እንደምቆም እሷም ታውቃለች።